የሳን ፓብሎ ጎመንና የወንድሜ ልብ

አዳማ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አሜሪካ እንዴት ናት?» ይለኛል። እኔ ያየሁት አሜሪካ የወንድሜን ሳሎን፣ ዝይ የሞላበት አንድ ሐይቅ፣ የሳን ፓብሎን ጎመንና ሳን ሆዜ ውስጥ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ልብ ነው። ስለ ረጃጅም ፎቆች መስማት የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እዚያ የመሄድ ሐሳብም ዕድልም የሌላችሁ ጎረቤቶቼ ግን እስኪ ቁጭ በሉና ላውራችሁ።

ታናሽ ወንድሜን መኮንንን አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። ልጅ ሆኖ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ልቡ ደከመና ሐኪሞቹ ደረቱ ውስጥ ደም የሚገፋ ፓምፕ ተከሉለት። በፓምፑ ደህና ከርሞ አሁን ደግሞ በፓምፑ ያልታገዘው የልቡ ቀኝ በኩል ደከመ። ስለዚህ ልቡን እንዳለ አውጥተው፣ የሚሰጠው የሰው ልብ እስኪገኝ ድረስ በብረት ልብ ሊተኩለት አሰቡ። የብረት ልቡ ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው። ቢሳካ ይኖራል፤ ባይሳካ ያወጡትን መልሰው አያስገቡለትም። ፈቃዱን ሲጠይቁት «እሺ» አለ።

አንድ ልጁ ሊያ ደወለችልኝ። እዚያው ተወልዳ ያደገች መሐንዲስ ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ እየወረደ እንግሊዝኛ ይሳፈራል። «አክስቴ፣ ዳዲ እሺ አለ። በት ዳዲ ለሁሉም ሰው እሺ ነው የሚለው። ዓርብ መጨረሻውን ይጠይቁታል። ፕሊስ ነይ» አለችኝ። የሄድኩት እሺታው የእውነት መሆኑን ለማወቅ ነው። ሌላው ሁሉ በመንገድ ላይ የገጠመኝ ነው።

እሑድ

ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ፊቶስኮፔ ነበሩ። ዕድሜዬን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበርኩና ፊቶስኮፕ ማለት እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እናቶች ሆድ ላይ ደፍቼ የፅንስ ልብ የማዳምጥበት ቀንድ መሳይ ነገር ነው። ጡረታ ስወጣ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልመለስኩትም። በፈጣን መንገዱ ቦሌ ስደርስ ጥበቃው አገላብጦ አይቶ «የጠላ ማንቆርቆሪያ ነው?» አለኝና አሳለፈኝ።

አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር ፀሐይዋ አብራን ስለምትሄድ ቀኑ አልቆ አልቆ አላልቅ አለ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ምግብ አዳይዋ ዶሮ ባመጣች ቁጥር እጄን በአፌ ላይ እያደረግኩ መለስኳት። በመጨረሻ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ኪኒን ይዛልኝ መጣች።

ሰኞ

ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ አንድ ሆዱ ገፋ ያለ ፈታሽ ፊቶስኮፔን አንስቶ ምንነቱን ጠየቀኝ። «ለሕፃን» አልኩት በእንግሊዝኛ። ሕፃኑን ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘ። ሕፃኑ ሆድ ውስጥ ነው ለማለት ወደ ሆዱ አመለከትኩ። መጀመሪያ ፊቱ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ገባውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእኛ ጉምሩክ ቢሆን ቀረጥ ይጠየቅበት ነበር።

መኮንንና ሊያ መውጫው ላይ ቆመዋል። ሮጬ አንገቱ ላይ ልጠመጠም ስል እጁን ዘርግቶ አገደኝ። «ቀስ እትዬ! ገመዱ!»

ከሆዱ የሚወጣ ገመድ ወገቡ ላይ ወዳለ ትንሽ ሳጥን ይገባል። ከሳጥኑ ደግሞ በግራና በቀኝ ብብቱ ወደ ያዛቸው ሁለት ባትሪዎች ይሄዳል። ጉንጩን ስሜ፣ እንደ ልማዴ ሳይታወቀኝ የእጁን አንጓ ያዝኩ። የደም ሥሩ አይመታም። ጣቴን አዛወርኩ፤ ምንም የለም። በሌላኛው እጁ ሞከርኩ፤ እዚያም የለም።

«አትፈልጊው እትዬ፣ እዚያ የለም» አለኝ እየሳቀ። «ሞቼ ነው የተቀበልኩሽ።»

ነገሩን ሊያ ቀደም ሲል በስልክ አስረድታኝ ነበር። ፓምፑ እንደ ልብ እየመታ አይገፋም፤ እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ነው የሚያፈስሰው፤ ስለዚህ የእጅ ምት አይገኝም። አእምሮዬ ያውቀዋል። ጣቶቼ ግን ስንት ዓመት የሠሩበትን ሥራ በአንድ የስልክ ወሬ አይተዉም።

ቤቱ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ነው። ሲመሽ ወንድሜ ባትሪውን ፈታና ራሱን ግድግዳው ላይ ሰካ፤ እኛ ስልካችንን እንደምንሰካው ማለት ነው። እኔም አንድ የአዳማ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቅኩ።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ባትሪው አለ። መብራት ቤቶቹም በመሣሪያ የሚኖር ሰው እዚህ እንዳለ ያውቃሉ፤ ሊያጠፉ ሲሉ አስቀድመው ይነግሩናል።»

አስቀድመው ይነግሩናል! ይህን እዚህ ስናገር ያመነኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወጣን። ከቢሾፍቱ ሐይቆች ጋር ሳወዳድረው የኛዎቹ ይሻላሉ፤ የእነሱ ግን በዙሪያው መሄጃ አለው። ዝይዎቹ የክፍለ ከተማ ሠራተኛ ይመስል መንገዱን ዘግተው ይቆማሉ፣ ሰው ነው የሚዞርላቸው። መኮንን ጥቂት ሄዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። ሱሪውን ገለጥ አድርጌ ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጉድጓዱ አልሞላም።

«የስንት ወር ነህ?» አልኩት።

«መንታ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ሳቅን፤ እኔ ግን እንዲህ ያበጠ እግር ልብ መድከሙን እንደሚናገር አውቃለሁ።

ቤት ስንገባ ፊቶስኮፔን ደረቱ ላይ ደፋሁ። ራቅ ብሎ እንደሚሠራ ማቀዝቀዣ «እምምም» ይላል። ጆሮዬን አጥብቄ ሳዳምጥ ከእምምታው ሥር የራሱ ልብ፣ ያ ድሮ ጀርባዬን የሚመታው ልብ፣ ደከም ብሎ ይሰማል። ሁለቱ እንደ ባለቤትና ተከራይ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። እንባዬ መጣ፤ ብረቱ ጆሮዬን ስላቀዘቀዘኝ ነው ብዬ አመካኘሁ።

ከሰዓት ወይዘሮ ፀሐይ ከቅርቡ ከተማ ከሳን ፓብሎ መጣች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ናት፤ በየቤቱ እየሄደች አረጋውያንን ትንከባከባለች። ሁለት ትልልቅ ከረጢት ጎመን ተሸክማለች።

«እትዬ ዘነበች፣ ከጓሮዬ ነው፣ ኦርጋኒክ ነው፣ መድኃኒት የሚባል አልነካውም። እሱን አብልተው ያጠንክሩልኝ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ነፍሰ ጡሮችን ስመክር የኖርኩት ምንድን ነው? ጎመን ብሉ፣ ጎመን ደም ነው። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አጣፍጬ ሠራሁት። መኮንን በላ። ጨመርኩለት። «እሺ» አለ። አጎረስኩት። «እሺ እትዬ።» የንስሐ አባቱ በሕመሙ ምክንያት ከጾም ነፃ እንዳደረጉት አልነገረኝም። እኔ እየጾምኩ እሱ ሥጋ መብላት አፍሮ ከእኔ ጋር ሲጾም ሰነበተ።

ምንጣፍ የሚጠርገውን ማሽን ግን ሊያ ብቻ ናት የምትነካው። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ፓምፑን እንዳያውክ ሐኪሞቹ ከልክለውታል። አሜሪካ ከገባ ወዲህ ያገኘው ትልቁ ዕድል ይህ እንደሆነ ይናገራል።

ረቡዕ

ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካሉት ያገራችን ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰዱኝ። በያይነቱ መጣ። እንጀራው ደህና ነው፤ ሽሮው ግን ሰው ላለማስቀየም የተሠራ ይመስላል፣ ቃሪያ አልነካውም። መኮንን ጎመኑን ቀስ እያለ ወደ እኔ በኩል ይገፋል። ለእኔ የሚሳሳ መስሎኝ መልሼ አጎረስኩት። ባለቤቱ ይህን አይቶ ደስ አለውና አንድ ሙሉ ሳህን ጎመን ጨምሮ ይዞ መጣ፤ «ለእኅትና ለወንድም፣ ከእኔ!» አለ። መኮንን ሳህኑን አየ፣ ሰውየውን አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና በላ።

ሐሙስ

ሊያ ወደ ሥራ ቦታዋ ሳን ሆዜ ወሰደችኝ። መንገዱ ከአዳማው ፈጣን መንገድ ሦስት እጥፍ ይሰፋል፣ ግን መኪናው ሁሉ ቆሟል። እኛ መንገድ አጥተን ነው የምንቆመው፤ እነሱ መንገድ ተርፏቸው ይቆማሉ።

መሥሪያ ቤቷ ልብ ይሠራል። አንድ ክፍል ውስጥ በመስታወት ገንዳዎች ውስጥ የብረት ልቦች ተደርድረው ቀንም ሌትም ይሽከረከራሉ። ሰው ስለሌላቸው ለማንም አይሠሩም፤ ዝም ብሎ መቼ እንደሚበላሹ ነው የሚጠበቀው። አንድ በአንድ ፊቶስኮፔን ገንዳው ላይ ደፋሁባቸው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡኝ፣ ፎቶም አነሱኝ።

«ዳዲ የሚያገኘው የኛ አይደለም» አለችኝ ሊያ። «የኮምፔቲተር ነው፣ የሌላ ካምፓኒ። በት አይዲያው ሴም ነው። ውስጡ አንድ ዲስክ ብቻ አለ፣ ማግኔት ነው አየር ላይ የሚይዘው። ምንም አይነካም፣ ሶ አያልቅም።»

«ታዲያ ለምን የሰው ልብ ይጠበቃል? ይሄው ለዘለዓለም አይበቃውም?»

«ዋን ዴይ፣ አክስቴ። ገመዱም ይቀራል፤ በስኪን በኩል ቻርጅ ይሆናል። ያኔ ሰው ሰው እስኪሞትለት አይጠብቅም። ናው ግን ገና ነው። ምን እንደሚሆን ማንም ሹር አይደለም።»

«ያወጡትንስ ልብ የት ያደርጉታል?»

ሊያ ይህን ጠይቃ አታውቅም። እኔ ግን የስንቱን ሕፃን እትብት ለቤተሰቡ አስረክቤያለሁ። ከሰው ላይ የወጣ ነገር ባለቤት እንዳለው አውቃለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መሪውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ይሄን ስለምወደው ቢሆንስ እሺ ያለው? እኔን ላለማሳዘን?»

ወዲያው ስልኩ በመኪናው ውስጥ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ናት፤ የወንድሜን ጉዳይ የምትከታተለው ነርስ። ሊያ እያዳመጠች ፊቷ ተለዋወጠ። መኮንን ደሙ ፓምፑ ውስጥ እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ዛሬ ጣቱን ወግቶ ሲለካ ደሙ ወፍሮ ተገኘ። ነርሷ ምን አዲስ ነገር እንደበላ ትጠይቃለች። አረንጓዴ ቅጠል በልቷል ወይ? ጎመን የደም ማቅጠኛውን ሥራ ያፈርሳል።

 ያጎረስኩትን ጉርሻ ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ።

መኮንንን ከቤት ይዘን ሆስፒታል ደረስን፤ ፓምፑ ደህና ነው፣ ደሙ አልረጋም። እስኪስተካከል ድረስ ሆዱ ላይ የሚወጋ መርፌ ሰጡት። መውጋቱን እኔ ተረከብኩ፤ ቢያንስ ይህን አልሳትም። በመርፌው ምክንያት እጄ ሥር ሲገባልኝ ጠየቅኩት።

«አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ። በሳምንት ትንሽ በልክ ነው የተፈቀደልኝ።»

«ታዲያ አፍህ የት ሄዶ ነበር?»

«አንቺ ከአዳማ ድረስ መጥተሽ፣ ሠርተሽ፣ በእጅሽ አጉርሰሽኝ፣ ምን ብዬ ልመልስ? ፀሐይስ ከጓሮዋ ቆርጣ አምጥታ?»

«በጎመን ልትሞት ነበር እኮ!»

«በጎመን ሳይሆን በይሉኝታ» አለኝ፣ ወንጀለኛው እሱ ያልሆነ ይመስል።

ዓርብ

ቀዶ ሐኪሟ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ለመኮንን ሁሉንም ደግማ አስረዳችው። በመጨረሻ «ይህን ትፈልጋለህ?» አለችው። እሱም ጎመኑን በተቀበለበት ፊትና ድምፅ «የስ» አላት።

እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። ሊያ እንድታስተረጉምልኝ አዘዝኳት።

«ዶክተር፣ ወንድሜ እምቢ ማለት አይችልም። እኛ አገር ከትልቅ ሰው እጅ የመጣ ነገር አይመለስም፤ ትናንት ሊገድለው የነበረውን ጎመን እንኳ አልመለሰም። እርስዎ ዛሬ ልቡን ሳይሆን ጆሮህን ልቁረጥ ቢሉት እሺ ይልዎታል። ይህን እሺታ አይመኑት።»

ሊያ የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ጀምራ ነው ያስተረጎመችው። መኮንን መሬት መሬት ያያል። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እውነተኛውን እሺታ ታዲያ በምን አውቃለሁ?»

«መጀመሪያ እምቢ ሲል ስሰማው።»

እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠችን።

ቅዳሜ

ወንድሜን እምቢ ማለት ሳስተምር ዋልኩ። ምጥ የፈራች ሴት ማዋለድ ይቀላል።

«ሻይ ላፍላልህ?»

«እሺ።»

«ወደቅክ። ትራስ ልጨምርልህ?»

«እሺ... ማለቴ፣ አንቺ ካልሽ።»

«ወደቅክ። ፀጉርህን ልላጭህ?»

ፀጉሩን ዳሰሰ። «እትዬ፣ በቃ ደስ ካለሽ።»

ሊያ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ ማርያምን ለመንኳት። ይህ ሰው «እሺ» እያለ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ሳን ፓብሎ ቤቷ ጠራችን። ቤቷ ትንሽ ናት፤ ጓሮዋ ግን ሙሉ ጎመን ነው፣ የጉለሌ ገበሬ የሚቀናበት። ስለ ሐሙሱ ነገር ማንም አልነገራትም። መኮንን «ትቀየማለች» ብሎ አስምሎናል።

ገበታው ቀረበ። ፀሐይ ከሁሉ አስቀድማ አንድ ጉርሻ ጠቀለለች፤ ከእጇ ጎመን ይንጠባጠባል።

«በሞቴ ጋሽ መኮንን፣ ይቺን ብቻ!»

እኔና ሊያ ዝም አልን። ባወራ እሱ ሳይሆን እኔ እምቢ ማለቴ ነው። ግንባሩ በላብ ወዛ። አፉን ከፈተ፤ አለቀልን አልኩ። ከዚያ መልሶ ገጠመው።

«አልፈልግም» አለ።

«ምነው? በሞቴ እኮ ነው ያልኩት! በማርያም!»

«እግዜር ይስጥልኝ ፀሐይዬ። አልፈልግም። ጎመን ይጎዳኛል፣ ልነግርሽ አፍሬ ነው።»

የፀሐይ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻ አየር ላይ ሲቀር ያየ ሰው ነውሩን ያውቀዋል፤ ተነስቼ በአፌ ተቀበልኩላት። ፀሐይ ግን አልተቀየመችም። «ይሄንን ሁሉ ጊዜ ሳበላህ ኖሬ!» ብላ ደረቷን መታች፣ ቀጥላም ምስር ወጡን ወደ እሱ ገፋችለት።

መኮንን ላቡን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። «ጎመኑን አልፈልግም። ልቡን ግን እፈልገዋለሁ።»

«ለሊያ ብለህ ነው?»

«አይደለም። አንቺም ስለመጣሽ አይደለም። ያንን ሐይቅ አንድ ቀን ሳልቀመጥ ልዞረው እፈልጋለሁ። ባይሳካ ደግሞ ፈልጌው ነው፣ ማንም እንዳይጸጸትብኝ።»

ሊያ ተነስታ አቀፈችው፣ ገመዱን ሳትነካ። 

ሰኞና ማክሰኞ

ለሐኪሟ «የስ» አላት። እሷ ግን ቀድማ ወደ እኔ አየች፤ ራሴን ነቀነቅኩላት። ስለሚወጣው ልብም ጠየቅኩ። ለምርመራ ያስቀሩታል አሉኝ። ባለቤቱ ፈቀደ፤ እኔ ቅር ቢለኝም የእሱ ነው።

ቲኬቴ የማክሰኞ ነበር። «ላራዝመውና እስክትድን ልቆይ?» አልኩት።

«አልፈልግም እትዬ። ሊያ አለችልኝ። አንቺ ካለሽ ስላንቺ ስጨነቅ ነው የምከርመው።»

ትምህርቱ እንዲህ ቶሎ ይገባዋል ብዬ አልጠበቅኩም። ከፋኝ፣ አኮረፍኩ፤ ሻንጣዬን ስዘጋ ግን ፈገግ ማለቴን ሊያ አይታለች።

ከመውጣቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ፊቶስኮፔን ደረቱ ላይ ደፋሁ። ፓምፑ እምምም ይላል። ከሥሩ አሮጌው ልቡ ቀስ እያለ ይመታል። ጀርባዬ ላይ ሆኖ ሲያንቀላፋ የሚመታው እሱ ነበር። ደህና ሁን አልኩት። ለመኮንን ሳይሆን ለልቡ ነው ያልኩት፤ ሁለቱም ግን ሰሙኝ።

አዳማ

ሙቀቱና ነፋሱ ተቀበሉኝ፣ መብራትም እንደደረስኩ ጠፋ። ቀዶ ጥገናው የተደረገ ዕለት ምን እንደሠራሁ አላስታውስም፤ ጎረቤቶቼ ግቢውን ደጋግሜ እንደጠረግኩ ይናገራሉ። ሊያ ደውላ «ኢት ኢዝ ስፒኒንግ፣ አክስቴ፣ እየዞረ ነው» አለችኝ። ግን አፉ ውስጥ ቱቦ ስላለ አይናገርም፣ ዓይኑንም አልገለጠም። ስለዚህ ገና አላመንኩም።

ፋሲካ ሊገባ ሲል ስልኬ ጮኸ። ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ደካማ ድምፅ ነው፤ ግን የሱ ነው።

«እትዬ።»

«መኩዬ! እህል ቀመስክ?»

«ነርሷ ሾርባ አመጣችልኝ። ደግ ልጅ ናት፣ ደጋግማ ለመነችኝ፣ በማንኪያ አፌ ድረስ አደረሰችው።»

«እና?»

«አይጥምም። አልፈልግም አልኳት።»

እልልታዬን የሰሙ ጎረቤቶች ሁሉ ማን ወለደ እያሉ መጡ።